ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ሰውዬ ራሱ ሲያሰለጥን ለምን ይሸነፍ ነበር?

አሮጌ ስኒከር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም የኳስ ቤተሰቦች። የምጽፍላችሁ ከካንሳስ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ሎረንስ ሄድኩ፣ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከቅርጫት ኳስ ውጪ ወሬ አያውቅም። አለን ፊልድሃውስ ከሚባለው ስታዲየም አጠገብ አንድ ሕንፃ አለ። የቅርጫት ኳስ ፈጣሪው ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 ያወጣቸው 13 የጨዋታው ሕጎች እዚያ መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። በታይፕ የተመቱ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፣ በቃ። እነዚያ ሁለት ወረቀቶች በ2010 ጨረታ ላይ ወጥተው ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ። የገዛቸው የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ በኋላ እንዳትጨቀጭቁኝ።)

እዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የካንሳስን አሰልጣኞች ዝርዝር ማየት ጀመረ። "አባዬ፣ ይኼ ሰውዬ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል እኮ! በካንሳስ ታሪክ ካሸነፈው በላይ የተሸነፈ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አየሁት። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው! የገዛ ቤቱን ቁልፍ ሠርቶ በሩን መክፈት እንዳቃተው ሰው ሆነብኝ። "ቤት ገብተን እነግርሃለሁ" ብዬ አለፍኩት። አሁን ቤት ገብተናል። ልጁ እየጠበቀ ነው። እባካችሁ አታሳፍሩኝ።

ጥቁር ፊሽካ

መልሱ አጭር ነው። ሰውዬው የስፖርት መምህር እንጂ አሰልጣኝ አልነበረም። ለልጅህ እንደዚያ በለው።

ደግሞ አንዳንዴ የራሱን ቡድን ጨዋታ ራሱ ይዳኝ ነበር ይባላል። አስቡት! እኔ የሰፈር ውድድር ላይ ወንድሜ ያለበትን ቡድን አንዴ ዳኝቼ ከሁለቱም ወገን ነው የተሰደብኩት። እናቴ ራሷ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ሦስት ነጥብ

ጥቁር ፊሽካ፣ ይኼ መልስ አይደለም፣ ማምለጫ ነው። ሪከርዱ ላይ ስሙ አለ። "አሰልጣኝ" ተብሎ ነው የተጻፈው። ተሸንፏል፣ አለቀ። ሰው አንድ ነገር ፈጠረ ማለት ጎበዝ ነው ማለት አይደለም።

የወመዘክር ደንበኛ

ታሪኩን ከጭራው ስለያዛችሁት ነው እንቆቅልሽ የሆነባችሁ። ትንሽ ረዘም ያደርግብኛልና ቡና አፍሉ።

ኔይስሚዝ አሜሪካዊ ሆኖ አልተወለደም። በ1861 ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ አልሞንት የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው የተወለደው። ወላጆቹ ከስኮትላንድ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በ1870 ታይፎይድ ገባና አባትም እናትም ሞቱ። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር። አጎቱ ነው ያሳደገው። ሁለተኛ ደረጃን አቋርጦ ጫካ ገባ፣ እንጨት ቆራጭ ሆኖ ሠራ። ከዓመታት በኋላ ነው ተመልሶ ከእሱ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ የጨረሰው። በ1883 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ ቄስ መሆን ነበር።

ችግሩ ሰውነቱ ነው። ፉትቦል (የዚያ ዘመኑን፣ ከራግቢ ብዙም ያልተለየውን)፣ ላክሮስ (ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱትን ኳስ)፣ ጂምናስቲክ፣ ሁሉንም ይጫወታል። የሃይማኖት ትምህርት ጓደኞቹ ደነገጡ። ኳስ የሰይጣን መሣሪያ ነው ብለው ነፍሱን እንዲያድን ጸለዩለት። (ይኼን ያነበበ የኛ አገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ዘመድ ያስታውሳል።)

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ራሱ ነው በኋላ የተረከው። ጨዋታ መሃል አጠገቡ የነበረ ተጫዋች ተናደደና መጥፎ ስድብ አመለጠው። ወዲያው ዞር አለና "ይቅርታ ጂም፣ እዚህ መሆንህን ረስቼ ነው" አለው። ኔይስሚዝ ገረመው። ለዚያ ልጅ አንድም ቀን ስለ ስድብ ተናግሮት አያውቅም። ዝም ብሎ አብሮት ስለተጫወተ ብቻ ነው ያፈረለት። እንግዲያው መልካም ሰው ማድረግ የሚቻለው ከመድረክ ላይ ብቻ አይደለም ብሎ አሰበ። ሥነ መለኮቱን ጨረሰና ስብከቱን ትቶ በ1890 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገባ።

አሁን ይህችን ያዙልኝ። ሰውዬው ቅርጫት ኳስ ሲፈጥር ዋንጫ አልነበረም የታየው። በስድቡ ያፈረው ያ ልጅ ነው የታየው። ለዚህ ነው 55 ለ60 ለእሱ ብዙም ትርጉም ያልነበረው።

ሦስት ነጥብ

ቆንጆ ትረካ ነው። ግን ስለ ፉትቦሉ አንድ መስመር ብቻ ብለህ አለፍከው። እኔ የማውቀው ደህና ተጫዋች እንደነበረ ነው። ሽንፈት የማይጠላ ደህና ተጫዋች አይቼ አላውቅም።

የወመዘክር ደንበኛ

ልክ ነህ፣ ያ ክፍል ችላ አይባልም። እንዲያውም ቅርጫት ኳስ የወጣው ከፉትቦል ነው።

ስፕሪንግፊልድ ውስጥ አሞስ አሎንዞ ስታግ የሚባል ሌላ ተማሪ አገኘ። ስታግ በ1889 ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በመጀመሪያው የኦል አሜሪካ ምርጥ ቡድን ውስጥ የተካተተ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የፉትቦል ቡድን አቋቋመና ኔይስሚዝን ሴንተር አደረገው። ሴንተር ማለት ኳሱን ወደ ኋላ የሚለቀውና ወዲያው ከፊት ለፊቱ ካለው ግዙፍ ሰው ጋር የሚላተመው ነው። ኔይስሚዝ ግዙፍ አልነበረም። ለምን እኔን ብሎ ሲጠይቀው ስታግ የመለሰለት ዝነኛ ነው። ክፉውን ሥራ በጨዋ ደንብ መሥራት የምትችል አንተ ስለሆንክ ነው አለው በአጭሩ።

በታኅሣሥ 1890 ይኼ የወደፊት ሰባኪዎችና የስፖርት መምህራን ቡድን ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ከዬል ጋር ገጠመ። ዬል ያኔ ማን እንደነበረ ለማስረዳት ጊዜ አይበቃም። 16 ለ10 ተሸነፉ። ለእነሱ ግን ማሸነፍ ማለት ነው።

ጆሮው ግን ተጎዳ። በየግጭቱ ስለሚፈገፈግ ያብጣል። ስለዚህ ጆሮ የሚሸፍን የጨርቅ መከላከያ ሠርቶ አደረገ። የፉትቦል ሄልሜት ታሪክ ሲጻፍ ይህች ነገር ከመጀመሪያዎቹ መሃል ትጠቀሳለች።

ቁጥር ሰባት

እሺ፣ ቅርጫቱስ የት አለ? ቡናው ቀዘቀዘ እኮ።

የወመዘክር ደንበኛ

መጣሁ እህቴ።

የ1891 ክረምት ነው። ውጭ በረዶ። ፉትቦል አልቋል፣ ቤዝቦል አልደረሰም። ጂም ውስጥ ያለው የሰልፍ እርምጃና ጂምናስቲክ ብቻ። 18 ጎልማሳ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል ነበር፣ አስቸጋሪ። ሁለት አስተማሪዎች ሞክረውት ተስፋ ቆርጠዋል። ኃላፊው ሉተር ጉሊክ ለኔይስሚዝ ሰጠው። በ14 ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ አምጣ አለው። ኔይስሚዝ ፉትቦልን አለስልሶ ሞከረ፣ ተፈነካከቱ። ላክሮስን ሞከረ፣ የባሰ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ቁጭ ብሎ አሰበ።

ያሰበው እንዲህ ነው። ፉትቦል ውስጥ ሰውን ለምን መሬት ላይ ይጥሉታል? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ። ኳስ ይዞ መሮጥ ከተከለከለስ? የሚጥለው ሰው ምክንያት ያጣል። ይቺ ናት ቁልፏ። ጆሮው እያበጠ ሲጫወት የከረመ ሴንተር ካልሆነ ማን ያስባታል? ሦስተኛዋ ሕግ ይህች ናት። ተጫዋች ኳሷን ከያዘበት ቦታ ይወረውራል እንጂ አይሮጥም። (ድሪብል፣ ኳስ እያነጠሩ መሄድ ማለት ነው፣ ያኔ የለም፣ በኋላ የመጣ ነው።)

ቀጥሎ ጎሉ ነው። መሬት ላይ ከሆነ ሰው በኃይል ይመታል፣ ሌላው ይደረደርበታል፣ እንደገና ግፊያ። ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ጨዋታ ትዝ አለው። ትልቅ ቋጥኝ ላይ ትንሽ ድንጋይ ታስቀምጣለህ፣ ጓደኞችህ ከሩቅ እየወረወሩ ይጥሏታል። በኃይል የወረወረ ይስታል። ከፍ አድርጎ በእርጋታ የለቀቀ ያገኛል። እኛም ጣሳ አቁመን ወርውረን የለ? ስለዚህ ጎሉን ከራስ በላይ ሰቀለው፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ። የጽዳት ሠራተኛውን ሁለት ሳጥን ለመነው። ሳጥን አልነበረም፣ የኮክ ቅርጫት ነበር። በረንዳው መደገፊያ ላይ በምስማር መታው። የበረንዳው ከፍታ 10 ጫማ ነበር፣ ዛሬ 3.05 ሜትር የምንለው። የዓለም ሪንግ ሁሉ እስከ ዛሬ የዚያችን በረንዳ ቁመት ይዞ ቀርቷል።

ጥቁር ፊሽካ

ኮክ ስትል የኮካ ኮላ ሳጥን መስሎኝ ነበር፣ ፍራፍሬው ነው ለካ 😂

ሦስት ነጥብ

እንኳን ሳጥን አልተገኘ። "ሳጥን ኳስ" እንል ነበር።

ቁጥር ሰባት

እኔ ልጅ ሆኜ "ቅርጫት" ሲሉኝ የበዓል ቅርጫ ነበር የሚመስለኝ። ኳሷን ተካፍለው የሚበሏት።

ስሙን ያወጣው ግን ከተማሪዎቹ አንዱ ነው፣ ፍራንክ ማሃን። መጀመሪያ "ኔይስሚዝ ኳስ" እንበለው አለ። ኔይስሚዝ ሳቀ፣ እንዲህ ያለ ስም ማንኛውንም ጨዋታ ይገድላል አለ። እንግዲያው ቅርጫትም አለ ኳስም አለ፣ ቅርጫት ኳስ ይሁን ተባለ። ስለ ትሕትናው ማስረጃ ከፈለጋችሁ ይኸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ወንዶች ሁሌ ስለምትዘሉት። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ እዚያው አካባቢ የሚያስተምሩ ሴት መምህራን መጥተው አዩ። "እኛስ?" አሉ። ኔይስሚዝ "ለምን አይሆንም" ብሎ አስጀመራቸው። ያ 1892 ነው፣ ልብ በሉ። ረጅም ቀሚስ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ። ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዷ ሞድ ሸርማን ትባላለች። በ1894 አገባት። አምስት ልጆች ወለዱ። እኔ ትምህርት ቤት ሰባት ቁጥር ለብሼ ስጫወት "ይኼ የወንድ ጨዋታ ነው" ያለኝ ሰው ነበር። ያኔ ይህን ባውቅ!

የድሮ ወወክማ

ልጆች፣ ደህና አመሻችሁ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ በስልክ መጻፍ ያስቸግረኛል፣ ስህተቴን እለፉት።

አዲስ አበባ ልጅ ሆነን ወወክማ እየሄድን ነው ቅርጫት ኳስ የለመድነው። አንዳችንም ጨዋታው የወወክማ ልጅ መሆኑን አናውቅም ነበር። ያ ሦስት ማዕዘን ምልክት መንፈስ፣ አእምሮና አካል ማለት ነው ይሉን ነበር። ጉሊክ የተባለው፣ 14 ቀን የሰጠው ሰውዬ፣ ምልክቱን ያመጣው እሱ ነው። ቅርጫት ኳስ በዓለም ቶሎ የተሠራጨው ለዚህ ነው። መምህራኑ ከስፕሪንግፊልድ ተመርቀው በየአገሩ ሲበተኑ ጨዋታውን ይዘው ይሄዳሉ። ከመጀመሪያዎቹ 18 መሃል አንዱ ጃፓናዊ ነበር፣ ኢሺካዋ።

እና ሦስት ነጥብ ልጄ፣ የኛ አሰልጣኝ ስንሸነፍ አይቆጣም ነበር። ስንሳደብ ግን ያስወጣናል። አሁን ነው ከየት እንዳመጣው የገባኝ።

አሮጌ ስኒከር

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ስህተት የለበትም፣ ከኛ ይሻላል።

ሦስት ነጥብ

ጋሼ እርስዎ ካሉ እቀበላለሁ። ግን ካንሳስ ምን ሆነ? የተሸነፈው እዚያ ነው።

የወመዘክር ደንበኛ

ካንሳስ የሄደው በ1898 ነው። መሃል ላይ ዴንቨር ሄዶ ወወክማ እየሠራ ሕክምና ተምሯል፣ ዶክተር ነው። ካንሳስ የስፖርት አስተማሪና የጸሎት ቤት ኃላፊ ትፈልግ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሰው! የጠቆመው ያ ስታግ ነው። የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ የማይሳደብ፣ ሐኪም፣ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ብሎ። ሥራው ማሠልጠን አልነበረም፣ ቡድኑ ተጨማሪ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ የካቲት 3፣ 1899 ነው። ከካንሳስ ሲቲ ወወክማ ጋር፣ 16 ለ5 ተሸነፉ። አምስት ነጥብ ስትሰሙ አትሳቁ። ያኔ ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ ኳስ ወደ መሃል ተመልሳ እንደገና በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ይህ እስከ 1937 ነበር። ተጋጣሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮሌጅ ልጆች ሳይሆን የወወክማ ጎልማሶች ናቸው።

ሌላው ነገር እምነቱ ነው። ፎረስት አለን የሚባል ተማሪ ነበረው፣ ፎግ የሚሉት። ሌላ ኮሌጅ አሰልጥንልን ብሎ ጠራው። ኔይስሚዝ ሲሰማ "ቅርጫት ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አያሰለጥኑትም" አለው ይባላል። በ1907 ኔይስሚዝ ሲለቅ ቡድኑን የተረከበው ያው አለን ነው። ካንሳስ ላይ 590 አሸንፎ በ219 ብቻ ነው የተሸነፈ። አሮጌ ስኒከር የሄደበት ስታዲየም በእሱ ስም ነው። ወለሉ ደግሞ በኔይስሚዝ ስም።

ሦስት ነጥብ

አሃ! እንግዲህ ራስህ ፈረድክ። አለን ትክክል፣ ኔይስሚዝ ስህተት። ያሰለጥኑታል ማለት ነው። 590 ጊዜ።

የወመዘክር ደንበኛ

አዎ፣ በዚህ ተረታሁ። ስለ ማሠልጠን ኔይስሚዝ ተሳስቷል። ስለ አለን ግን አልተሳሳተም፣ ያሳደገው እሱ ነው። የአለን ተማሪዎች ደግሞ አዶልፍ ራፕና ዲን ስሚዝ ናቸው። የኬንታኪና የኖርዝ ካሮላይና ዋንጫዎች ሥራቸው ቢቆፈር እዚያው ሎረንስ ይደርሳል።

ካፒታል ኤ

የዘገየ አስተያየት፦ ብዙ ቦታ "ጄምስ ኤ. ኔይስሚዝ" ተብሎ ይጻፋል። "ኤ" የሚባል የመካከል ስም አልነበረውም። ሌሎች የጨመሩለት ነው። አመሰግናለሁ።

ጥቁር ፊሽካ

ይህን ለመናገር ብቻ ነው ስምህን እንደዚያ ያወጣኸው?

ካፒታል ኤ

አዎ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ስለ አለንና ራፕ ሁሉም ያወራል። እኔ የማከብረው ሌላ ተማሪ ነው፣ ጆን ማክሌንደን። በ1933 ካንሳስ ገባ። ጥቁር ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ መጫወት አይፈቀድለትም። ኔይስሚዝ ያኔ ሽማግሌ ነው፣ ቡድን ከያዘ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። ማክሌንደን ቢሮው ሄዶ "አባቴ አማካሪዬ እርስዎ ነዎት ብሎኛል" አለው። ኔይስሚዝም ተቀበለው። መጫወት የተከለከለ ልጅ ጨዋታውን ከፈጠረው ሰው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተማረ።

ማክሌንደን በኋላ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የጥቁሮች ኮሌጅ አሰልጣኝ ሆነ። መጋቢት 12፣ 1944፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ በሩን ዘግተው ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነጮች ጋር ተጫወቱ። በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቢያዙ መዘዙ ከባድ ነው። 88 ለ44 አሸነፉ። ከዚያ እንደገና ተቀላቅለው፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን፣ ሁለተኛ ጨዋታ ተጫወቱ። ለዓመታት ማንም አላወቀም። ቴኔሲ ላይ ደግሞ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት የአገር አቀፍ ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ።

ሦስት ነጥብ ወንድሜ፣ ይኼንን በ55 ለ60 ውስጥ የት ታስገባዋለህ?

ሦስት ነጥብ

አላስገባውም። ሪከርድ ሪከርድ ነው፣ ይኼ ሌላ ነው። ግን የ1944ቱን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ቁጥር ሰባት

የበርሊኑን ማንም አላነሳም? በ1936 ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባ። ኔይስሚዝ ለመሄድ ገንዘብ አልነበረውም። ከጨዋታው ሀብት አላፈራም እኮ። አሰልጣኞች፣ አለን እያስተባበረ፣ መዋጮ ሰብስበው ላኩት። ሜዳው ውጭ ነው፣ አፈር። የፍጻሜው ቀን ዝናብ ወረደና ጭቃ ሆነ፣ ኳስ መሬት ስትነካ አትነሳም። አሜሪካ ካናዳን 19 ለ8 አሸነፈች። የተወለደባት አገርና ዜግነት የወሰደባት አገር። ሜዳሊያውን የሰጣቸው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኅዳር 1939፣ ሎረንስ ውስጥ አረፈ። 78 ዓመቱ ነበር።

አሮጌ ስኒከር

ቤተሰብ፣ ሁሉንም ለልጄ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ስድብ አምልጦት ይቅርታ የጠየቀው ተጫዋች ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ትናንት ሜዳ ላይ ያለው ነገር ትዝ ብሎት ይሆናል፣ አልጠየቅኩትም። የጆሮ መሸፈኛውን በጣም ወደደው። የማክሌንደንን ደግሞ እንድደግምለት አደረገኝ።

ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ? "እና እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ተጫወተ?" አዲስ ጥያቄ!

የወመዘክር ደንበኛ

ሁለት ጊዜ ብቻ ይባላል። አሁን እንቅልፍ ላግኝበት።

ጥቁር ፊሽካ

እኔ ራሴ ከዚያ በላይ ተጫውቻለሁ። ለልጅህ ንገረው።

ሎረንስ ልሄድ

ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። በሚቀጥለው ወር ከዊቺታ ልጆቹን ይዤ ልሄድ ነው። ሕጎቹ ያሉበት ሕንፃ መግቢያ ስንት ነው? መኪና ማቆሚያስ?

አሮጌ ስኒከር

መግቢያ አልከፈልንም። ጨዋታ ባለበት ቀን ግን እንዳትሄጂ፣ መኪና የምታቆሚበት አታገኚም።